መቅዘፊያውን የደበቀው ሽማግሌ

ባለፈው የገበያ ቀን በድንበር ከተማችን፣ ሄሉ ሰፈር በኩል፣ ሚቱምባ የሚሉት ልባሽ ዕቃ ከሚዘረጋበት መንገድ ዳር ቆሜ ለልጅ ልጄ ሹራብ ስመርጥ አንድ መጽሐፍ አየሁ። ከአሮጌ ጫማና እጀታው ከተበጠሰ ቦርሳ መካከል ተጋድሟል። ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ሐይቅ ዳር ቆማለች። ከፊቷ ጀልባ አለ፤ ጀልባው ውስጥ ግን መቅዘፊያ የለም። ሹራቡ ከእጄ ወደቀ።

“ማማ፣ እሱ እንግሊዝኛ ነው” አለኝ ሻጩ። አማርኛውን ከሾፌሮች የለመደ ጎልማሳ ነው። “የስዋሂሊ ልፈልግልሽ?”

“ላነበው አይደለም።”

“ታዲያ ልትበይው ነው?”

“ውስጡ የማውቀው ሰው አለ።”

ሳቀብኝ። ከጎኑ ባልዲ የምትሸጠውን ሴት ጠርቶ በኦሮምኛ ነገራት፤ እሷም ሳቀች። ሃምሳ ሽልንግ አለኝ፣ ሳልከራከር ሰጠሁት። ድሮ፣ ልጄ ተማሪ ሳለች፣ በሃምሳ ሽልንግ አንድ ኪሎ ስኳር ይገዛ ነበር። አሁን ባለቤት ያጣ መጽሐፍ ይገዛል። ቤት ስገባ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት። አቧራና አሮጌ ወረቀት ነው የሚሸተው። እኔን የሸተተኝ ግን ሌላ ነው፤ የጋለ ብረት እርጥብ ጥጥ ሲነካ የሚወጣው ሽታ።

ያን ጊዜ የማማ ሃቢባ ሎጂንግ ውስጥ አንሶላ አጣቢና ተኳሽ ነበርኩ። ሎጂንጉ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ አሥር ክፍሎች፣ ሰማያዊ በሮች፣ ግቢው መካከል አንድ የኒም ዛፍ። ከወዲያ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ የሚመጡት ሾፌሮች እዚያ ያርፋሉ። አስፋልት አልነበረም። ወደ ደቡብ የሚወርዱት መኪኖች ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው ጭነው፣ ሌሎች እስኪሰበሰቡና ፖሊስ እስኪያጅባቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቴፕ ይጮኻል። አንዱ ሾፌር የአማርኛ ካሴት ያስገባል፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ሌላው አውጥቶ የስዋሂሊ ያስገባል። ካሴቶቹ ከሙቀቱ ብዛት ተለጥጠው ዘፋኞቹ ሁሉ የጎረነኑ ይመስላሉ። ሞባይል ገና የመጣ ሰሞን ስለነበር ሰዎች ኮረብታው ላይ ወጥተው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ኔትወርክ ይለምናሉ። ወጣቶቹ ሴቶች ተረከዙ ወፍራም የሆነ የላስቲክ ጫማ ይወዱ ነበር። ድንጋያማ መንገድ ላይ በዚያ ጫማ ሲሄዱ ሳያቸው “አሁን ወደቀች፣ አሁን ወደቀች” እያልኩ ልቤ ይመታል። እኔ እንዲህ ነኝ። የካውያውን ከሰል በውሃ ካጠፋሁ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ ውሃ የምደግምበት ሴት ነኝ። በር ከቆለፍኩ በኋላ ቁልፉን ሦስት ጊዜ እጎትተዋለሁ።

ካውያው የከሰል ነበር። ክዳኑን የሚይዘው መቆለፊያ የአውራ ዶሮ ቅርጽ አለው። ፍሙን ሞልቼ፣ ግቢው ውስጥ ወዲህና ወዲያ እያወዛወዝኩ አግዬው፣ ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እጀምራለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ላይ የታጠፈ ግራጫ ብርድ ልብስ አለ፤ በላዩ ነው የምተኩሰው። ለውሃ መርጫ ክዳኑን በምስማር የበሳሁት የዘይት ጠርሙስ ነበረኝ። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ልጄ ትርሲት ያደገችው ከሱ ሥር ነው ማለት ይቻላል። ስሟን ይዘው ሁሉም ሰው እኔን “ማማ ትርሲት” ይለኛል። የገዛ ስሜን የሚጠራው የወዲያኛው አገር ሰው ብቻ ነው።

አባቷ ከከባድ መኪና ጋር ሲሠራ ነው ወደዚህ ያመጣኝ። ትርሲት ስድስት ዓመት ሲሞላት ወደ ደቡብ ወረደ። “ናይሮቢ ሥራ አይቼ በወሩ እመለሳለሁ” አለ። በዚያን ዕለት የለበሰውን ነጭ ሸሚዝ የተኮስኩት እኔ ነኝ። አንገትጌውን ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ። አንድ ጊዜ በማማ ሃቢባ ስልክ ላይ ደውሎ ከናይሮቢም አልፎ ሊሄድ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። በሎጂንጉ አልፈው ወደ ደቡብ የሚሄዱትን ወጣቶች አንሶላ ሳጥብ “ይህ መንገድ መውሰድ እንጂ መመለስ አያውቅም” እያልኩ እነጋገር ነበር፣ ከራሴ ጋር።

ትርሲት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወሰደች። ውጤቷ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ደብዳቤ መጠበቅ ነው፤ የትኛው ሁለተኛ ደረጃ እንደጠራሽ የሚነግር ደብዳቤ። ግድግዳዬ ላይ ሁለት ካላንደር ነበረኝ፣ የኛና የነሱ። የኛ ጥር ሲጋመስ የነሱ ጃንዋሪ ሊያልቅ ነው። ትርሲት የነሱን እያየች በየቀኑ በእርሳስ ትሰርዛለች። እሷ ጎዶማ መንደር ጓደኛዋ ጋ በሄደችበት ቀን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አስጠሩኝ። ደብዳቤውን ሰጡኝ፤ እጄን ጨበጡኝ። በስተደቡብ፣ ከትልቁ ተራራ ወዲያ ያለ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። “እንኳን ደስ ያለሽ፣ ማማ ትርሲት። ከዚህ ሰፈር ማንም እዚያ ደርሶ አያውቅም።”

እያመሰገንኩ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ሰዎች ባለፈው ሳምንት መኪና ላይ ተተኩሶ እንደነበር ያወራሉ። ሁለት ቀን መንገድ፣ ሁለት ሌሊት ከከብት በላይ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ገንዘቡን ምክንያት ማድረግ እችል ነበር፤ ግን ለዚያ ስድስት ዓመት ሳጠራቅም ኖሬያለሁ፣ ዋሾ መሆን አልፈልግም። ሎጂንግ ስገባ አንሶላዎቹ ይጠብቁኛል። ብርድ ልብሱን ገልጬ፣ ደብዳቤውን ከእጥፋቱ መሃል አስገብቼ፣ መልሼ አለበስኩት። ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ ነበር፣ መንገዱ ጸጥ እስኪል። ከዚያ ካውያዬን አነሳሁና በላዩ ላይ መተኮስ ጀመርኩ።

“እማ፣ ደብዳቤ መጣ?” ትለኛለች ከጎዶማ ከተመለሰች ጀምሮ።

“አልመጣም።”

“የሁሉም መጥቷል እኮ።”

“ይመጣል።”

በየቀኑ ጥያቄዋ እያጠረ ሄደ። መጨረሻ ላይ “መጣ?” ብቻ ሆነ፣ ከዚያም ፊቴን አይታ ማለፍ ሆነ። መመረጧን ተጠራጠረች። ምግብ ቀነሰች። እኔም አንሶላ ማቃጠል ጀመርኩ። ማማ ሃቢባ፣ ወፍራም፣ ደግ፣ ድምፀ ነጎድጓድ ሴት፣ የካውያ ቅርጽ የታተመበትን አንሶላ አንስታ “ማማ ትርሲት! ይሄ ምንድነው? ሾፌሩ የሚተኛው አንሶላ ላይ ነው ጀልባ ላይ?” አለችኝ። እውነትም የካውያ ጠባሳ ጀልባ ይመስላል።

ልጆቹ ሥራ ፈተው እንዳይውሉ ሙዋሊሙ ጉዮ የሚባሉ አስተማሪ አንድ መጽሐፍ ለዘጠኝ ልጆች እያዟዟሩ ያስነብቡ ነበር። ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ቡኒ ኮት የሚለብሱ፣ በሳቅ የማይታሙ ሰው ናቸው። መጽሐፉ ይኸው የገዛሁት ነው። የመጨረሻዋ ተረኛ ትርሲት ነበረች። አነበበችው። ትእዛዙ ይህ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ልጅቷን የሚቃወማት ሰው ማነው፣ ጠባዩ ምንድነው፣ ያደረገውን ለምን አደረገ፣ ሁለት ገጽ ጻፉ። ትርሲት ጽፋ ወሰደች፣ በቀይ እስክሪብቶ ተመለሰላት። ፊቷ ወድቆ መጣች።

“ምን አሉሽ?”

“‘ምን እንዳደረገ ነግረሽኛል። ለምን እንዳደረገ አልነገርሽኝም። እንደገና ጻፊው’ ነው የሚለው።”

“አንቺስ ምን ብለሽ ነበር?”

“ስግብግብ ነው፣ ጨካኝ ነው፣ ውሸታም ነው አልኩ። ነው ደግሞ!”

“እስቲ አንብቢልኝ” አልኳት። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አማርኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛ ግን ለኔ የጉንዳን መንገድ ነው። እሷ ከጠረጴዛው ማዶ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በዓይኗ ታነብና በአማርኛ ትነግረኛለች፤ የጠፋባትን ቃል በስዋሂሊ ትሞላዋለች። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ። እጄ ይተኩሳል፣ ጆሮዬ ሐይቅ ላይ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሐይቅ መካከል ደሴት አለ። ከደሴቱ አንዲት ልጅ ወደ ማዶ ተሻግራ ልትማር ተፈቅዶላታል። በደሴቱ ላይ ማላቶ የሚባል ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ አለ። ልጅቷ ልትሄድ በተነሳች ቁጥር የሆነ ነገር ይሆናል፤ አንድ ቀን ጀልባው ተበስቶ ይገኛል፣ ሌላ ቀን መቅዘፊያዎቹ ይጠፋሉ። ማላቶ ዳር ተቀምጦ “ሐይቁ ዛሬ ተቆጥቷል” ይላል። ሰዉ ሁሉ የሚከለክላት እሱ ነው፣ የማሻገር ሥራውን ሌላ ሰው እንዳይቀማው ብሎ ነው ይላል። እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ሰውየው አሳዘነኝ።

“ብቻውን ነው የሚኖረው?” አልኳት።

“ብቻውን። ግን ሻይ ሲያፈላ ሦስት ኩባያ ያወጣል። አርጅቶ ረስቶት ነው።”

“አልረሳም። ልጆች ነበሩት?”

ገጽ ገልብጣ ፈለገች። “ሁለት ወንዶች። ማዶ ሄደው ቀሩ። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፣ አላስተዋልኩትም ነበር።”

“ማን አሻገራቸው?”

ቀጥላ አነበበች። “እሱ ራሱ ነው፣ እማ። እየቀዘፈ። እንዳይርባቸው የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ሰጥቷቸው።”

ካውያውን አስቀመጥኩት። ያ ነጭ ሸሚዝ፣ ያ ሁለት ጊዜ የደጋገምኩት አንገትጌ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። “እንግዲህ አገኘሽው” አልኩ። “ሰውየው ልጅቷን አልጠላትም። የራሱ እጅ ነው የሚያስፈራው። ቀዝፎ የወሰደውን ሁሉ ሐይቁ አልመለሰለትም።”

“አንቺ ደግሞ ለክፉ ሰው ታደያለሽ!”

“ክፉ ነው አላልኩሽም፣ ደግ ነውም አላልኩሽም። ለምን ብለሽ ጠየቅሽኝ።”

“ቢሆንስ እማ፣ ሲዋሽ ዓይኗን እያየ ነው የሚዋሸው። ‘ሐይቁ ተቆጥቷል’ ይላል፣ ሐይቁ ግን እንደ ሻይ ጸጥ ብሏል።”

“እሱ ሲያየው ተቆጥቶ ይሆናል።”

ሳቀች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ቀጥላ እንደ እንቆቅልሽ ጠየቀችኝ፤ “እሺ፣ አንቺ እንዲህ ካወቅሽው፣ መቅዘፊያዎቹን የት የደበቃቸው ይመስልሻል? ደሴቱን ሙሉ ፈልገው አጥተዋል።”

እዚህ ላይ ነው አፌ የቀደመኝ። አንሶላውን እያለሰለስኩ፣ ሳላስብ፣ “ሩቅ አይወስዳቸውም” አልኩ። “ሩቅ የደበቁት ነገር እንቅልፍ ይነሳል፤ ማን አገኘው፣ ዝናብ ነካው እያሉ። እሱ የሚያደርገው ቀኑን ሙሉ እጁ ከሚያርፍበት ነገር ሥር ነው። በላዩ ላይ ሥራውን ይሠራበታል።”

ቀና ስል የትርሲት አፍ ተከፍቷል።

“ማን ነገረሽ? መረብ ከሚጠግንበት አግዳሚ ሥር ነው የቸነከራቸው። ማንም ያሰበው የለም፣ ሙዋሊሙም ገና ሳናነበው ሲጠይቁን ማንም አላወቀውም። እማ፣ እንዴት አወቅሽ?”

“እንዲሁ ገመትኩ።”

ዓይኗ ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ። ከእጄ ወደ ብርድ ልብሱ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍታ ማንበቧን ቀጠለች፣ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር።

በማግስቱ የተኮስኩትን አንሶላ ወደ ክፍሎቹ ላደርስ ሄድኩ። አሥር አልጋ ማንጠፍ ጊዜ ይወስዳል። ስመለስ ትርሲት ጠረጴዛው ጋ የለችም፣ ኒሙ ሥር ተቀምጣ ትጽፋለች። ብርድ ልብሱ በቦታው ነው። ነገር ግን እኔ ጠርዙን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው የማጥፈው፣ ለዓመታት ወደ ውጭ። ያን ቀን ወደ ውስጥ ታጥፏል። እጄን ከሥሩ ሰድጄ ዳሰስኩ፤ ደብዳቤው እዚያው አለ። አይታ መልሳ አስቀምጣዋለች።

አልጠራችኝም፣ አልጮኸችም። እኔም አልጠራኋትም። ካውያዬን አንስቼ ማወዛወዝ ጀመርኩ፤ ፍሙ ጋለ፣ ማወዛወዜን ግን አልተውኩም። ይህች ልጅ ወይ ትጠላኛለች፣ ወይ ትሰርቀውና ትሄዳለች፣ ወይ ለኔ ብላ ትቀራለች። ሦስቱንም አሰብኳቸው፤ በጣም የፈራሁት ሦስተኛውን ነው፣ ምክንያቱም ልቤ ውስጥ አንድ ቦታ እሱን ይመኝ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። “ጨርሻለሁ። ላንብብልሽ?”

“አንብቢ።”

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ነው እየተረጎመች የነገረችኝ። ብዙው ጠፍቶብኛል፣ ይህ ግን አልጠፋኝም፤

“ሰዎች ማላቶን ስግብግብ ይሉታል። እኔም በመጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። አሁን ግን ሦስቱን ኩባያዎች አይቻለሁ። ማላቶ ልጅቷን አይጠላትም። የሚፈራው ባዶ ቤት ነው፣ ሐይቁን የሚያማርረው ግን ስለ ቤቱ መናገር ስለሚያፍር ነው። ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን የፈራ ሰው የሌላውን መቅዘፊያ ቢደብቅ፣ መቅዘፊያው የእሱ አይሆንም። እኔ ልጅቷን ብሆን እንዲህ እለው ነበር፤ መቅዘፊያውን ሰርቄህ ከሄድኩ መመለስ አፍራለሁ። አንተ በእጅህ ከሰጠኸኝ ግን የመመለሻውን መንገድ አውቀዋለሁ።”

ጨርሳ ቀና አላለችም። ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈችው፣ ስምንት ላይ አጠፈችው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ካሴቱ ይጎረንናል። ካውያው ከአንሶላው ላይ ነበር፤ የሚቃጠል ሽታ ሲመጣ ነው ያነሳሁት። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት፣ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ።

“እንኪ” አልኳት።

ደብዳቤው ከእርጥበቱ ብዛት ተጨማዷል። የትምህርት ቤቱ ወይን ጠጅ ማህተም ፈስሶ ግማሹ ብርድ ልብሱ ላይ ታትሟል። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ከትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚቀበሉት። አነበበችው፤ ቅድም ያላየችው ይመስል ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

“ለመግቢያው አራት ቀን ቀርቶታል” አለች።

“ይቅር በይኝ፣ ልጄ።”

“እማ፣ ማህተሙ ጠፍቷል። እምቢ ቢሉኝስ?” አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች፣ እንደ ሕፃን፣ ፊቷን የተቃጠለው አንሶላ ውስጥ ቀብራ። እኔም ጎኗ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማማ ሃቢባ ደርሳ “ማን ሞተ?” አለች። ስነግራት ወገቧን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችኝ። “አንቺ ሴትዮ” አለች በመጨረሻ፣ “ለካ አንሶላዬን ሁሉ ያቃጠለው ይሄ ወረቀት ነው!” ከዚያ ሻሿን አጥብቃ መኪና ፍለጋ ወጣች።

ደብዳቤውን ይዤ ሙዋሊሙ ጉዮ ዘንድ ሄድኩ። “ዝናብ ነክቶት ነው፣ ሙዋሊሙ” አልኳቸው። ዝናብ ከጠፋ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከደብዳቤው ግርጌ ሁለት መስመር ጽፈው ፈረሙበት። “ልጅሽ ያንን ሽማግሌ በደንብ ጻፈችው” አሉኝ ወረቀቱን ሲመልሱ። “አንቺ ረድተሻታል አሉ።” ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። የብረት ሳጥን፣ ፍራሽ፣ ባልዲ፣ ሁለት ነጭ ሸሚዝ። ሸሚዞቹን ስተኩስ እጄ አንገትጌው ላይ ሲደርስ ቆመ። ትርሲት አይታኝ ነበር። “እማ፣ እሱን ተይው፣ ሹራብ ይሸፍነዋል” አለች። አልተውኩትም። ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት።

“የመጽሐፉ መጨረሻስ?” አልኳት ሳጥኑን ስንዘጋ። “ሽማግሌው ምን ሆነ?”

“ሙዋሊሙ መጽሐፉን ወሰዱት” አለች፣ መቆለፊያውን እየሞከረች። “ስመጣ አነብልሻለሁ።”

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪኖቹ ተነሡ። ከላይ፣ ከከብቶቹ በላይ ባለው ብረት ላይ፣ ሰዎች ሻሽና ጋቢ ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙረው ተደርድረዋል። ትርሲት ብቻ ወደ ኋላ ዞራ ተቀመጠች። አንድ የፍየል ነጋዴ ሽማግሌ “አንቺ ልጅ፣ ዙሪ! አቧራውን ሁሉ ልትበይው ነው?” ሲል ሰማሁት። አልዞረችም። መኪናው ሲነሳ ቀዩ አቧራ ከኋላ ተነስቶ ፊቷን ሸፈነው፤ ከሩቅ የሚታየኝ ነጭ ሻሿ ብቻ ነበር። ከመታጠፊያው እስኪሰወር ወደኔ እንደዞረ ነው። ምን ያለች ግትር ልጅ ናት አልኩ በልቤ። ዓይኗ ይታመማል ብዬም ሳምንቱን ሙሉ ተጨነቅሁ።

ተቀበሏት። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር መኪኖቹ የሚቆሙበት ሄጄ እጠብቃለሁ፤ አንዳንዴ አንድ ቀን ቀድሜ፣ አንዳንዴ ሁለት። ሾፌሮቹ ስሜን ትተው “ሐሙስ ነው የምትመጣው፣ ማማ፣ ግቢ” ይሉኝ ነበር። መጣች። ሁልጊዜ መጣች። መጽሐፉን ግን ሁለታችንም አላነሳነውም፤ ሌላ ወሬ ነበረን።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ጠዋት የተነሳ አውቶቡስ ማታ ይደርሳል። ማማ ሃቢባ አርፋለች፣ ነፍሷን ይማር፣ ልጆቿ በኤሌክትሪክ ካውያ ያስተኩሳሉ። ዶሮ ያለበትን ካውያ ለኔ ሰጥተውኛል። ግራጫውም ብርድ ልብስ አለ። ማህተሙ ገርጥቷል እንጂ አልለቀቀም፤ እኔም አላጠብኩትም። ትርሲት ከተራራው ወዲያ ነርስ ናት፣ የሦስት ዓመት ልጅ አላት። መጽሐፉን በገዛሁ በሳምንቱ መጣች። ሹራቡን ለልጁ ካለበስኩት በኋላ መጽሐፉን ከፊቷ አስቀመጥኩት።

አየችው፣ ፊቷ ተለወጠ። “ከየት አመጣሽው?”

“ከጫማ መሃል። የቀረችውን አንብቢልኝ።”

“ተይው፣ እማ። ይህን ያህል ጊዜ ቆይቶ።”

“ሰውየው ምን እንደሆነ ሳላውቅ ልሙት?”

የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፈተች። እንደድሮው በዓይኗ አንብባ በአማርኛ ነገረችኝ፤ አሁን በስዋሂሊ የምትሞላው ቃል በዝቷል። መቅዘፊያዎቹ ከአግዳሚው ሥር ተገኙ። ሰዉ ማላቶን ሰደበው፣ ልጆች አሸዋ በተኑበት። ልጅቷ ጀልባው ላይ ወጣች። ሽማግሌው ዳር ቆሞ ስሟን ጠራ።

“‘ልጅቷ ወደ ኋላዋ አላየችም’” አለች ትርሲት። መጽሐፉን ዘጋችው።

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው።”

“ይህን የጻፈው ሰው ማላቶን አላወቀውም” አልኩ።

“ሙዋሊሙ መጽሐፉን አልወሰዱትም ነበር፣ እማ። ሳጥኔ ውስጥ ነበር። እሷን መስመር ላነብልሽ ስላልቻልኩ ነው የዋሸሁሽ።”

መጽሐፉን አንስቼ ሽፋኑን አየሁት። ልጁ ሹራቡን ሊያወልቅ ይታገላል። ቀዩ አቧራ፣ ነጩ ሻሽ፣ የፍየል ነጋዴው ጩኸት መጡብኝ። “ያን ቀን መኪናው ላይ” አልኳት፣ “ዓይንሽን አላመመሽም?”

“ሦስት ቀን አልገለጥ ብሎኝ ነበር።”

“ታዲያ ምነው አልዞርሽ?”

ልጇን ወደ ጉልበቷ ስባ አንገቱን አስተካከለችለት።

“አንቺ ገና ቆመሽ ነበራ” አለች።